ከባሕር ዳር ለሚከራይ ቤት የሚበረክት የደጅ መቀመጫ፦ ጣሪያ ሥር የነበረው ለምን ቀድሞ ዛገ?

የሜሪላንድ ባለቤት

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አባላት። እኔና ባለቤቴ ከአራት ዓመት በፊት በኦሽን ሲቲ፣ ሜሪላንድ፣ ከውቅያኖሱ ሁለት መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብላ የምትገኝ ባለ ሦስት መኝታ ቤት ገዝተን በሰመር ወራት ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ለእረፍት እንግዶች እናከራያለን። የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ስለሆነ ቤቷን ለማየት የቼሳፒክን ድልድይ ተሻግረን ሦስት ሰዓት ያህል መንዳት አለብን፤ ስለዚህ በየሳምንቱ እየሄድን ዕቃ የምንጠግንበትና ቀለም የምንቀባበት ጊዜ የለንም። እንግዳ በወጣ ቁጥር የምትገባው የጽዳት ሠራተኛችን ብቻ ናት፤ እርሷም በጥቂት ሰዓት ውስጥ ቤቱን ሙሉ አዘጋጅታ ለሚቀጥለው እንግዳ ማስረከብ አለባት።

ቤቱን እንደገዛን ከአንድ ትልቅ መደብር ሁለት ተመሳሳይ የደጅ መቀመጫዎችን ወሰድን። እያንዳንዱ አራት ወንበርና አንድ ጠረጴዛ ያለው፣ እግሩ ጥቁር ቀለም የተቀባ፣ መቀመጫው በፕላስቲክ ገመድ እንደ ሰሌን የተጠለፈ ነበር። አንዱን ጣሪያ ባለው በረንዳ ሥር፣ ሌላውን ደግሞ ፀሐይና ዝናብ በሚያገኘው ክፍት ደክ፣ ማለትም ከሳንቃ በተሠራው የደጅ ወለል ላይ አስቀመጥን። ጣሪያ ሥር ያለው በእጥፍ ይቆያል ብለን ነበር። በሁለተኛው ሰመር ማብቂያ ያየነው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው። ክፍት ደክ ላይ ያሉት ወንበሮች ቀለማቸው ደብዝዞ እንደቆሙ ሲሆኑ፣ በረንዳው ሥር ከነበሩት አንዱ ግን አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ ተቀምጣበት ሳለች የኋላ እግሩ ተሰበረ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ማንም አልተጎዳም። ነገር ግን ያን ዕለት ስልኩን አንሥቼ የእናትየዋን ድምፅ ስሰማ የተሰማኝ ድንጋጤ እስካሁን አልለቀቀኝም። ሄጄ ወንበሩን ስገለብጠው ከእግሩ ቱቦ ውስጥ ቀይ የዝገት ዱቄት በእፍኝ ፈሰሰ፤ ከላይ ያለው ጥቁር ቀለም ግን ገና ያብረቀርቅ ነበር።

ሁለት ነገር እንድታስረዱኝ እለምናለሁ። አንደኛ፣ ጣሪያ ያለው ለምን ቀድሞ ዛገ? ሁለተኛ፣ ባለቤቱ አጠገቡ በሌለበት፣ በየሳምንቱ አዲስ ሰው በሚቀመጥበት ቤት ምን ዓይነት መቀመጫ ቢገዛ ይበረክታል? ዋጋው ከፍ ቢልም ግድ የለኝም፤ ሰው የሚጎዳ ዕቃ ግን ሁለተኛ አላስገባም።

ብረት ሠሪ ከአሽዶድ

ወንድሜ፣ እንኳን ሰው አልተጎዳ። እኔ በእስራኤል፣ አሽዶድ ውስጥ ከባሕሩ አጠገብ በብየዳና በአሉሚኒየም ሥራ ሃያ ሁለት ዓመት ቆይቻለሁ። ያዩት ነገር ግራ ቢያጋባም በእኛም ከተማ በየሰገነቱ የሚታይ ነው። ማዕበል ሲሰበር ጥቃቅን የጨው ውሃ ፍንጣሪ ወደ አየር ይነሣና ነፋስ እየነዳ በደረሰበት ሁሉ ላይ ያሳርፈዋል። ክፍት ደክ ላይ ያለውን ወንበር ዝናብ በመጣ ቁጥር ጨዉን ያጥብለታል። ጣሪያ ሥር ያለው ግን ጨዉን ይቀበላል እንጂ የሚያጥብለት የለም፤ የሰኔው በግንቦቱ ላይ፣ የሐምሌው በሰኔው ላይ እየተደረበ ይከማቻል።

ጨው ደግሞ ዝናብ ሳይነካውም ከአየሩ ውሃ ይስባል። የገበታ ጨው የአየሩ እርጥበት ወደ 75 በመቶ ሲደርስ ራሱን በራሱ ያሟሟል፤ በባሕር ጨው ውስጥ ያለው የማግኒዥየም ጨው ግን ከዚህ ግማሽ በማይሞላ እርጥበት እንኳ ይረጥባል። ስለዚህ በረንዳዎ ሥር ያለው ብረት በቀን ሲዳስሱት ደረቅ ቢመስልም ሌሊቱን ሙሉ በጨው ውሃ ተለውሶ ያድራል። ዝገት ሁልጊዜ ከወንበሩ ሆድ፣ ከብየዳው ጥግ፣ ከብሎኑ ሥር የሚጀምረውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ እነዚህ ቦታዎች ዝናብም ጨርቅም አያገኛቸውም።

ስለተሰበረው እግር ከገለጻዎ ተነሥቼ የምገምተውን ልንገርዎ። ከፕላስቲኩ ጥልፍ ሥር ያለው አፅም ተራ ብረት፣ ያውም ስስ ቱቦላሬ ነው። ቀለም የተቀባው በውጭ በኩል ብቻ ነው፤ ውስጡ ራቁቱን ነው። ውሃ በብሎኑ ቀዳዳ ይገባል፣ በእግሩ ጫፍ ያለው የፕላስቲክ ቆብ መውጫ ይከለክለዋል፣ ከዚያ በኋላ ብረቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። የቀለሙ ማብረቅረቅ ለዚህ ምንም ማስረጃ አይሆንም። የቀሩትን ሰባት ወንበሮች ዛሬውኑ ከአገልግሎት ያውጧቸው፤ ክፍት ደክ ላይ ያሉትም ቢሆኑ ጊዜያቸውን እየጠበቁ ነው።

ለወደፊቱ፣ ብረት ከሆነ አሉሚኒየም ይግዙ። አሉሚኒየም አየር ሲነካው በላዩ ላይ የራሱን ስስ ሽፋን ስለሚያበጅ እንደ ብረት አይበላም። የዱቄት ቀለም ተነፍቶበት በምድጃ የበሰለ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይቆያል፤ ቀለሙ እስካልተቧጨረ ድረስ ማለቴ ነው።

አዲስ ገቢ

ለቤት ዕቃ ስወጣ ማግኔት ኪሴ ውስጥ ይዤ እሄዳለሁ። ማግኔቱ ከያዘው ብረት ነው፣ እተወዋለሁ። ካልያዘው አሉሚኒየም ወይም ጥሩ የማይዝግ ብረት ስለሆነ ያለ ሥጋት መግዛት ይቻላል።

ብረት ሠሪ ከአሽዶድ

የመጀመሪያው ግማሽ ትክክል ነው፣ ሁሉም ሰው ቢያደርገው ደስ ይለኛል። ሁለተኛው ግን ያሳስታል። የማይዝግ ብረት የሚባለው አንድ ዓይነት አይደለም። በገበያ ላይ በብዛት ያለው 304 የሚባለው ነው፤ ለወጥ ቤት በጣም ጥሩ ነው፣ ከባሕር አጠገብ ግን በጥቂት ወራት ውስጥ ሻይ የፈሰሰበት የሚመስል ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል። ለባሕር የሚሆነው 316 ነው፤ ከ2 እስከ 3 በመቶ ሞሊብዲነም የሚባል ማዕድን ስለተጨመረበት ጨዉን ይቋቋማል። ማግኔት ሁለቱንም አይዝም፣ ስለዚህ በማግኔት አይለዩም። ሻጩን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይጠይቁት።

አንድ ተጨማሪ ነገር፣ ብዙ ሰው ስለማያስበው ነው የማነሣው። ወንበሩ አሉሚኒየም ሆኖ ብሎኑ ተራ ብረት ሊሆን ይችላል። ብሎኑ ዚንክ ተቀብቶ ስለሚያበራ ሲገዙት አይታወቅም፤ ዚንኩ በአንድ ሰመር ያልቅና ከዚያ በኋላ ብሎኑ ዝጎ ጭንቅላቱ ይበጠሳል። ብሎኑን በ316 ሲቀይሩት ደግሞ ሁለቱ የተለያዩ ብረቶች በጨው ውሃ መካከል ተነካክተው እንደ ባትሪ ይሠራሉ፣ ተበይው ወገን አሉሚኒየሙ ይሆናል፤ በቀዳዳው ዙሪያ ነጭ ዱቄት ካዩ እርሱ ነው። በመካከላቸው የናይሎን ሮንዴላ (በብሎኑ ሥር የሚገባ ቀዳዳ ያለው ክብ ንጣፍ) ማስገባት ብዙ ያስታግሰዋል። እኔ ወንበር ስመርጥ መጀመሪያ ገልብጬ ብሎኖቹን ነው የማየው።

እንጨት ወዳድ

ስለ ብረት ይህን ያህል ከተጨነቃችሁ ቲክን ለምን አታነሡም? ቲክ በውስጡ የራሱ ቅባትና ሲሊካ ስላለው ውሃም ምስጥም አይደፍረውም፤ የመርከብ ወለል ሲሠራበት የኖረ እንጨት ነው። ጥሩው ከዛፉ ልብ የተወሰደው፣ ቀለሙ ወርቃማና እኩል የሆነው ነው። ዋጋው ውድ ነው፣ አልክድም። ነገር ግን በየዓመቱ ቅባት እየቀቡት ሃያ ዓመት ይቀመጡበታል።

አሌክሳንድሪያ

በቲክ ጥራት እስማማለሁ፤ በቅባቱ ግን አልስማማም፣ በተለይ ለኪራይ ቤት። በሰሜን ካሮላይና ደሴቶች ላይ ያለችውን የቤተሰባችንን ቤት ለስድስት ዓመት ሳስተዳድር ሁለት የቲክ አግዳሚ ወንበሮች ነበሩኝ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በትጋት ቅባት ቀባሁ። ቅባቱ በእርጥብ አየር ሻጋታ እየያዘ ጥቁር ነጥብ አወጣ፤ አንድ እንግዳም በነጭ ልብሱ ላይ ቀለም ወጣብኝ ብሎ አመለከተ። ከዚያ በኋላ ቅባቱን ትቼ እንጨቱ ራሱ ብርማ ግራጫ እንዲሆን ለቀቅሁት። ግራጫነቱ የላይኛው ገጽ ብቻ ነው፣ ጥንካሬውን አይነካም። በሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ በእንጨቱ መስመር ማሸት ይበቃዋል፤ በግፊት ውሃ ማጠብ ግን ለስላሳውን ክፍል ቦርቡሮ እንጨቱን ያሻክረዋል።

ይሁን እንጂ ለጠያቂው ወንድሜ መጀመሪያ የምመክረው ሌላ ነው። በኢንዲያና ግዛት የተመሠረተ ፖሊውድ የሚባል ኩባንያ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1990 ጀምሮ ከአሮጌ የወተት ጠርሙስ ፕላስቲክ ሳንቃ እየሠራ የደጅ ወንበር ያደርገዋል፤ ዛሬ ተመሳሳዩን የሚሠሩ ሌሎችም ብዙ ናቸው። ቀለሙ በሳንቃው ውስጥ እስከ መሐሉ ድረስ ስለሆነ ሲቧጨር አይታወቅም። አይላጥም፣ አይበሰብስም፣ ጨው ምንም አያደርገውም። አንዱ ወንበር ከ15 እስከ 20 ኪሎ ስለሚመዝን ነፋስ አያነሣውም፤ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 የአውሎ ነፋስ ወቅት በሆነበት ዳርቻ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጉድለቶቹንም ልናገር። ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ ከሆነ በእኩለ ቀን እግር ያቃጥላል፤ ነጣ ያለውን ይምረጡ። ፕላስቲክ በሙቀት ስለሚለጠጥ ረጅም አግዳሚ ወንበር ከመሐሉ ደጋፊ እግር ከሌለው ከጊዜ በኋላ ይጎብጣል። ወደ ኋላ የተጋደመው ዝቅተኛው ወንበር ደግሞ ፎቶ ላይ ያምራል፣ ነገር ግን እናቴ አንዴ ከተቀመጠችበት በሁለት ሰው እጅ ካልሆነ አትነሣም። አዛውንት ለሚያስተናግድ ቤት የምግብ ጠረጴዛ ቁመት ያለው ወንበር፣ ክንድ ማሳረፊያ ያለው ይሁን።

የምጽዋ ተወላጅ

ልጆቼ፣ ውይይታችሁን በደስታ እያነበብሁ ነው። ምጽዋ ተወልጄ እስከ አሥራ ስድስት ዓመቴ ያደግሁ ነኝ። በበጋው ሙቀት ቤት ውስጥ መተኛት ስለማይቻል ሰው ሁሉ አልጋውን ወደ ደጅ ያወጣ ነበር። አባቴ ከመሥሪያ ቤቱ ያገኘው አንድ የብረት አልጋ ነበረው፤ ቀይ ባሕር በሦስት ዓመት በላው፤ ሽቦው እየተበጠሰ ሌሊት ሲጮኽ ትዝ ይለኛል። ጎረቤቶቻችን ግን ዐንገረብ ላይ ነበር የሚተኙት። ዐንገረብ አራት እግር፣ አራት አግዳሚ፣ በመካከሉ የተወጠረ ገመድ ነው። አንድም ሚስማር የለበትም። አግዳሚው በእግሩ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ በገመዱ ውጥረት ይያዛል፤ ገመዱ ሲላላ ይጠብቁታል፣ ሲያረጅ ይቀይሩታል፣ እንጨቱ ግን ከአባት ለልጅ ይተላለፋል። በሀገራችን ደጋ ያለው የጠፍር አልጋም አሠራሩ ያው ነው።

ይህን ያነሣሁት ወጣቱ ብረት ሠሪ ስለ ብሎን የተናገረው ስላስታወሰኝ ነው። ቲክ የምትገዙም ከሆነ በብሎን ብቻ የተያያዘውን ሳይሆን እንጨት በእንጨት ውስጥ ገብቶ የተሰካውን ፈልጉ። በጨው አየር መጀመሪያ የሚሞተው ብረቱ ነው፤ ብረቱ ሲሞት እንጨቱ ደህና ሆኖ ሳለ ወንበሩ ይፈርሳል።

የጽዳት ኃላፊ ከዱባይ

ሰላም ለሁላችሁ። አባታችን የጻፉት ልቤን ነካው። እኔ ዱባይ በአንድ የባሕር ዳርቻ ሆቴል የጽዳት ክፍል ከተራ ሠራተኝነት ተነሥቼ አሁን የፈረቃ ኃላፊ ነኝ፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ስለ ዕቃው ዓይነት ብዙ ተብሏል። እኔ ዕቃው ከተገዛ በኋላ ስለሚሆነው ልናገር።

እኛ ዘንድ የባሕር ዳር መቀመጫ ሁሉ ጎሕ ሲቀድ ጨው በሌለው ውሃ ይታጠባል። ሰዓቱ የተመረጠው በምክንያት ነው፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ከታጠበ ውሃው ጨዉን ይዞ ሳይወርድ እዚያው ይደርቅና ነጭ ምልክት ይተዋል። ሳሙና አያስፈልግም፣ ኬሚካል አያስፈልግም፣ ጎማ ብቻ ይበቃል። ወንድሜ፣ የእርስዎ በረንዳ ላይ ጎማ የሚሰካበት ቧንቧ አለ? ከሌለ ከወንበሩ በፊት ቧንቧውን ያስገቡ። ለሠራተኛዋም ጊዜዋን ይክፈሏት። ጥቂት ሰዓት ሰጥተው ቤት ሙሉ አዘጋጂ ያሏት ሴት፣ በላዩ ወንበር እጠቢ ቢሏት ከየት አምጥታ ታጥባለች? ለወንበሮቹ ግማሽ ሰዓት ለብቻው ቢከፍሉ በየሁለት ዓመቱ አዲስ ከመግዛት ይረክሳል።

ሁለተኛው ትራስ ነው። እንግዳ ሁሉ የፀሐይ ቅባት ተቀብቶ ይቀመጣል። በብዙዎቹ ቅባቶች ውስጥ ያለው አቮቤንዞን የሚባል ነገር በውሃ ውስጥ ካለ ብረት ጋር ሲገናኝ እንደ ዝገት ያለ ብርቱካናማ እድፍ ይሠራል። ሠራተኛ ይህን ስታይ በረኪና ትጨምርበታለች፤ በረኪና ግን እድፉን አያነሣውም፣ ያጸናዋል። ነጭ ትራስ ለኪራይ ቤት ፈጽሞ አይሁን። ጨርቁም በኋላ ቀለም የተነከረው ሳይሆን ክሩ ከመፈተሉ በፊት ቀለም የገባበት አክሪሊክ ይሁን፤ ሰንብሬላ የሚባለው በዚህ የታወቀ ነው። እንዲህ ያለውን ጨርቅ ሻጋታ ቢይዘው በተበረዘ በረኪና ማጠብ ይቻላል፣ ቀለሙ አይለቅም። ከውስጡ ያለው ስፖንጅ ግን ውሃ የሚያሳልፈው ካልሆነ አንድ ዝናብ ከመታው በኋላ ለሦስት ቀን እንደረጠበ ይቆያል፣ ከዚያም ይሸታል።

የሜሪላንድ ባለቤት

እናንተን ማመስገኛ ቃል አጣሁ። ሰባቱን ወንበሮች ቅዳሜ ዕለት ሄጄ አስወግጃለሁ። ከክፍቱ ደክ አንዱን በመጋዝ ቆርጬ አየሁት፤ አሽዶድ ያሉት ወንድሜ እንዳሉት የቱቦው ውስጥ ግማሹ ተበልቷል። የዱባይዋ እኅቴ ስለ ሠራተኛዋ ያሉት ትክክል ነው፤ አስቀድሜ ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነኝ፣ አነጋግሬያታለሁ።

ሦስት ነገር ቀረኝ። በመጀመሪያ፣ ትራስን ጭራሹን መተው ይቻላል ወይ? ቀጥሎም የጃንጥላው ነገር አለ፤ እንግዶች ከፍተውት ወደ ባሕር ይሄዳሉ። የመጨረሻው ደግሞ ከእንግዶቻችን ብዙዎቹ ሐበሾች ናቸው፤ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ይመጣል፣ ቡና ደጅ ይፈላል፣ ትሪ ተዘርግቶ በጋራ ይበላል። ለዚህ የሚሆነው ጠረጴዛ ምን ዓይነት ነው?

የጽዳት ኃላፊ ከዱባይ

ትራስን መተው ይቻላል። መቀመጫና መደገፊያው የተወጠረ መረብ የሆነ የአሉሚኒየም ወንበር አለ፤ መረቡ ፕላስቲክ የለበሰ ክር ስለሆነ ውሃ ያሳልፋል፣ በደቂቃዎች ይደርቃል፣ እንደ ዐንገረቡ ገመድም ሲያረጅ እርሱ ብቻ ይቀየራል። ሲገዙ መረቡ ለብቻው ይሸጥ እንደሆነ ይጠይቁ።

አሌክሳንድሪያ

ስለ ጃንጥላው በጽኑ ልናገር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2016 ቨርጂኒያ ቢች ላይ ነፋስ የነቀለው ጃንጥላ በባሕሩ ዳርቻ የተቀመጠች ሴት መትቶ ገድሏል። ያ በአሸዋ ላይ የተተከለ ነበር፤ በደክ ላይ ያለውም ቢሆን መሠረቱ ከቀለለ ያው ነው። እኔ ጃንጥላዎቹን አውጥቼ በደኩ ምሰሶዎች መካከል የሚወጠር ሸራ አሠራሁ፤ ከኦክቶበር በኋላ ይወርዳል። ጃንጥላ የግድ ነው ካሉ አጥንቱ ፋይበርግላስ፣ መሠረቱ ከባድ ይሁን፤ ያም ሆኖ እንግዳ ከፍቶት እንደሚሄድ አስቀድመው ይቁጠሩት።

ጠረጴዛው መስታወት አይሁን። የጠነከረ ነው የተባለው መስታወትም ሲፈነዳ በሺሕ ቁራጭ ሆኖ በደኩ ሳንቃዎች ክፍተት ይገባል፤ እንግዳው ደግሞ ባዶ እግሩን ነው የሚሄደው።

ላንጋኖ ዳር

ከሀገር ቤት ነው የምጽፈው። ላንጋኖ ሐይቅ ዳር አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። የእኛ ችግር ጨው ሳይሆን ፀሐይና ምስጥ ነው፤ ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 1,580 ሜትር ያህል ስለሆነ ፀሐዩ ከባሕር ዳሩ ይጠነክራል፣ በየ1,000 ሜትሩ የሚያቃጥለው ጨረር ወደ 10 በመቶ ይጨምራልና። ተደራርቦ የሚቀመጠው ነጭ የፕላስቲክ ወንበር እዚህ ሁለት ዓመት አይሞላም፤ ገጹ እንደ ኖራ ዱቄት ይሆንና ሰው ሲደገፍ ከወገቡ ይሰነጠቃል። ይህን ያነሣሁት ርካሽ ነውና ለጊዜው ልጠቀምበት ብሎ የሚያስብ እንዳይኖር ነው፤ የተሰነጠቀ ፕላስቲክ ሥጋ ይቆርጣል።

የቡናውን በሚመለከት፣ ከወተት ጠርሙስ የሚሠራው ሳንቃ ከእሳት ጋር አይስማማም። የከሰል ምድጃ በላዩ ከተቀመጠ ይቀልጣል። እኔ ለቡና የሚሆን ከድንጋይ ንጣፍ የተሠራ ክብ ቦታ ከቤቱ ራቅ አድርጌ አበጅቻለሁ፤ በዙሪያው ከዋንዛ የተጠረቡ በርጩማዎች አሉ፣ ሲመሽ ወደ ቤት ይገባሉ።

ብረት ሠሪ ከአሽዶድ

ፕላስቲኩ የሚቀልጠው በ130 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የጋለ ድስትም ምልክት ይጥልበታል። ደክ ላይ ከሰል የሚባል ነገር ባይኖር ይሻላል፣ ቡናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ ያፍሉ። ጠረጴዛው ለጋራ ትሪ ከሆነ ክብ ይሁን፤ አንድ ሜትር ከሃያ የሆነ ለስድስት ሰው ትሪው መሐል ሆኖ እጅ ይደርሳል። እግሩ በአራቱ ማዕዘን ሳይሆን ከመሐል ቢሆን የሰው ጉልበት አይጋጭም። ደግሞም ዕቃውን በላስቲክ ሸራ ሸፍነው አይተዉት፤ አየር የማያስገባ ሽፋን ጨዉንና እርጥበቱን አብሮ ያፍነዋል፣ ወንበርዎን እንደገና ጣሪያ ሥር ማስገባት ማለት ነው።

የሜሪላንድ ባለቤት

ይህን የምጽፈው ከአሥራ አንድ ወር በኋላ ነው። ይህን ውይይት የሚያነብ ሌላ ሰው ውጤቱን ማወቅ ይገባዋል ብዬ ነው የተመለስሁት።

በረንዳው ሥር ክንድ ያላቸውና የምግብ ጠረጴዛ ቁመት ያላቸው ስድስት የፕላስቲክ ሳንቃ ወንበሮችን ከአንድ ክብ ጠረጴዛ ጋር አስገባሁ፤ ቀለማቸው እንደ አሸዋ ነው። ክፍቱ ደክ ላይ አራት የመረብ መቀመጫ ያላቸው የአሉሚኒየም ወንበሮች አሉ። መደብር ውስጥ እያንዳንዱን ገልብጬ በማግኔት ፈትሼ ነው የወሰድሁት፤ አንድ ሻጭ ሙሉ በሙሉ አሉሚኒየም ነው ያለኝ ወንበር ማግኔቱን ከእጄ ነጥቆ ያዘው። የአሉሚኒየሞቹን ብሎኖች በሙሉ አውጥቼ በ316 ቀየርሁ፣ የናይሎን ሮንዴላም አደረግሁ፤ ለአራት ወንበር ሙሉ ከሰዓት ፈጀብኝ። ትራስ የለም፣ ጃንጥላ የለም፣ በምሰሶዎቹ መካከል ሸራ አለ። ቧንቧ በረንዳው ግድግዳ ላይ ተሰክቷል፤ ለጽዳት ሠራተኛችን በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት ለብቻው እንከፍላለን።

በሰኔ መጨረሻ ሄጄ ስመለከት ወንበሮቹ ከላይ ንጹሕ ነበሩ። ነገር ግን አንዱን አንሥቼ ሆዱን በነጭ ጨርቅ ስጠርገው ጨርቁ ግራጫ ሆኖ ወጣ፤ ጣቴን ቀምሼ አየሁት፣ ጨው ነው። ሠራተኛችን በየሳምንቱ በታማኝነት ታጥባለች፣ ውሃው ግን ከላይ ብቻ ነበር የሚወርደው። የሳንቃዎቹን ወንበሮች ያያያዙት ብሎኖች ደግሞ ያሉት በዚያው በሆዳቸው በኩል ነው።

የጽዳት ኃላፊ ከዱባይ

ገልብጠው ይጠቡ፣ ወንድሜ። እኔ ይህን ሳልነግርዎ መቅረቴ ይቆጨኛል፤ እዚህ የሚታጠበው መጀመሪያ ተገልብጦ፣ ከዚያ በእግሩ ቆሞ ነው። ለእርሷ 20 ኪሎ ወንበር ስድስት ጊዜ ማንሣት ከባድ ከሆነ ግን ጎማው ጫፍ ላይ የታጠፈ ቀጭን ቱቦ ያድርጉላት፣ ሳታነሣ ከሥር ወደ ላይ ትረጫለች።

የሜሪላንድ ባለቤት

የታጠፈውን ቱቦ ገዝቼ ሰጥቻታለሁ። ባለፈው ቅዳሜ በነጭ ጨርቅ እንደገና ጠርጌ አየሁት፤ ጨርቁ ነጭ ሆኖ ወጣ።